ዓለም በሙሉ «ሲስተም የለም» የተባለበት አርብ

«ሲስተም የለም» እንዴት እንደሚባል ታውቃላችሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ እጇን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳለች፣ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ትገፋለች፣ ከዚያ እናንተን ሳይሆን ከጀርባችሁ ያለውን ሰልፍ እያየች ትናገራለች። ማንም «የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። የምንጠይቀው «መቼ ይመጣል?» ብለን ነው፤ ሻይ ሊጠጣ ብቅ እንዳለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። «አይታወቅም፣ አረፍ በሉ» ትላለች። እናርፋለን። መብራት ይሄዳል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይደክማል፣ ሲስተም ደግሞ አይኖርም። በንግግሩ ውስጥ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለበትም። እኔ የአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት «አይቲ» ስለሆንኩ ይቺን ንግግር ከሁለቱም ወገን አውቃታለሁ፤ ጠዋት ሌላ ቦታ ሄጄ እሰማታለሁ፣ ከሰዓት ቢሮዬ ተመልሼ እናገራታለሁ።

እናም ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አርብ፣ ዓለም በሙሉ ሰልፍ ይዞ «ሲስተም የለም» ሲባል ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል።

በፈረንጆቹ ጁላይ 19፣ 2024 መሆኑ ነው። ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ አንድ አፕዴት ለቀቀ፤ ማይክሮሶፍት ኋላ በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ስክሪናቸው ሰማያዊ ሆኖ መሥራት አቆሙ። አውሮፕላኖች ሳይነሱ ዋሉ። እንግሊዝ አገር ሐኪሞች የታካሚ መዝገብ መክፈት አቃታቸው፤ ስካይ ኒውስ ቴሌቪዥን ራሱ ዜናውን መዘገብ ሲገባው ከአየር ወረደ። ከሁሉ በላይ ልቤን የገዛው ግን ከሕንድ የመጣ ፎቶ ነው፦ በእጅ የተጻፈ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርድ። የተሳፋሪው ስም በእስክሪብቶ፣ የወንበር ቁጥሩ በእስክሪብቶ፣ ሰዓቱ በእስክሪብቶ።

ፎቶውን ለሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን አሳየኋቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ መሳቢያቸው ውስጥ ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ አስቀምጠው «አይጣልም» ብለው ለሦስት ዓመት የሞገቱኝ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ብዙ አዩት። ከዚያ መሳቢያውን ሳብ አድርገው፣ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አውጥተው፣ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉትና መልሰው ከተቱት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ካርቦን አንስቼ አላውቅም።

ሰዓቱን ሳስበው ይገርመኛል። የተበላሸው ፋይል የተለቀቀው በእነሱ ዓለም አቀፍ ሰዓት 4:09 ላይ ነው። ሦስት ደምሬ ስድስት ስቀንስ (በቀጥታ ሦስት ብቀንስ ይቀለኝ ነበር፣ ግን የለመድኩት እንዲህ ነው) ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይሆናል። በዚያ ሰዓት እኔ ጀሞ፣ በአንድ እጄ ዣንጥላ በሌላው ላፕቶፔን አቅፌ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ኩባንያው ስህተቱን አይቶ ያረመው 2 ሰዓት ከ27 ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሜክሲኮ ደርሼ ከታክሲ እየወረድኩ፣ ረዳቱ መልስ የለኝም እያለኝ ነበር። ማለትም የኮምፒዩተር ታሪክ ትልቁ አደጋ ከሚባሉት አንዱ ተጀምሮ እስኪታረም የፈጀው ከጀሞ ሜክሲኮ በዝናብ ቀን የሚያስኬደውን ያህል ነው። አንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ።

«ታርሞ ከነበረ ታዲያ ምን ሆኑ?» ትሉ ይሆናል። ይህንን ለእማዬ ለማስረዳት የፈጠርኳት ምሳሌ የዘበኛ ነች። ተራ ፕሮግራም ሳሎን እንደተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ቢያጠፋ እጁን ይዘህ ታስወጣዋለህ፣ ቤቱም ቤት ሆኖ ይቀጥላል። የጥበቃ ሶፍትዌር ግን የሁሉም ክፍል ቁልፍ በእጁ ያለ ዘበኛ ነው። ሌባው ማእድ ቤት ቢገባ ማእድ ቤት፣ ጣሪያ ቢወጣ ጣሪያ መድረስ አለበትና የሚሠራው ከርነል በሚሉት በኮምፒዩተሩ እምብርት ውስጥ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ለዘበኛው የሌቦች መለያ ወረቀት ተላከለት። ወረቀቱ «21ኛውን ምልክት አይተህ ፍረድ» ይላል፤ ዘበኛው እጅ ላይ ያለው ግን 20 ብቻ ነው። 21ኛውን ፍለጋ ምንም ወደሌለበት እጁን ሰደደና ተዝለፈለፈ። ከርነል ውስጥ የወደቀ ደግሞ ብቻውን አይወድቅም፣ ቤቱን ይዞ ነው። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ቀድሞ የሚነቃው ያው ዘበኛ፣ ቀድሞ የሚያነበው ያው ወረቀት። ይወድቃል። ይነሳል። ይወድቃል። እርማቱ 2:27 ላይ በር ላይ ደርሶ ያንኳኳል፤ በር የሚከፍተው ግን ዘበኛው ነው።

እማዬ ይህን ስትሰማ «የእኛም ሰፈር ዘበኛ እንዲሁ ነው» አለችና ጉዳዩን ዘጋችው።

መፍትሔው በአብዛኛው የሰው እጅ ነበር። ወደ እያንዳንዱ ማሽን ሄዶ፣ በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገው ብቻ በሚነሳበት መንገድ) አስነስቶ፣ ያቺን አንዲት ፋይል አጥፍቶ፣ እንደገና ማስነሳት። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር መጻፍ አለበት። አርባ ስምንት! እኔ ለሠራተኛ በስልክ ስድስት አሃዝ ያላት ኦቲፒ ሳነብ «ቆይ ቆይ፣ ከሰባት በኋላ ያለውን ድገምልኝ» እባላለሁ። በዚያ ሳምንት በዓለም ዙሪያ ስንት አይቲ ስልክ ጆሮው ላይ ሰክቶ 48 ቁጥር ለስንት ሰው እንዳነበበ ሳስብ፣ ቅድም ደስ ብሎኛል ያልኩትን በከፊል አንስቻለሁ።

በከፊል ያልኩት የኛ ቢሮ ምንም ስላልሆነ ነው። ቢሮ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቁኝ። ዜናውን ሬዲዮ ላይ ሰምተው ኖሯል። «እኛስ?» አሉኝ። ዞሬ አየሁ። ሁሉም ማሽን ይሠራል፤ የመጋዘኑ ኮምፒዩተር ብቻ ስታክ አድርጎ ነበር፣ እሱ ግን ሁልጊዜም ስታክ ነው። «ሰላም ነን» አልኳቸው። «ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ለምን ሰላም እንደሆንን አልነገርኳቸውም። አሁን ስሜ ሳይጠቀስ ልንገራችሁ፦ ክራውድስትራይክን የሚገዛው ገንዘብ ያለው ድርጅት ነው፤ የኛ ማሽኖች ግማሾቹ በስተቀኝ ጥጋቸው «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ» የሚል ግራጫ ጽሑፍ እንደ ሰፈር ማኅተም ለጥፈው የሚኖሩ ናቸው። ያልተገዙ፣ ክራክ ናቸው። አፕዴት ደግሞ ኢንተርኔቱን ይበላል ተብሎ ከተዘጋ ቆይቷል። ዘበኛ የሌለው ቤት ዘበኛው ሊወድቅበት አይችልም።

የአይቲዎች ቴሌግራም ግሩፓችን ያን ዕለት ሠርግ ቤት ሆኖ ዋለ። «አፕዴት አድርጉ እያላችሁ ስታደርቁን የነበራችሁ የት አላችሁ?» «ደሃ በነፃ ይድናል።» አንዱ የ«አክቲቬት አድርግ»ን ጽሑፍ ብቻ ቆርጦ ስቲከር ሠራበት። እኔም ስቄያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ ሳቁ የማን እንደነበር አስታውሳለሁ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ አምጡ ሲል፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ከለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተያዙት ያልጫኑት ናቸው፤ እንደኛ ያሉት። ይህንን ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ሁለት ሰው ብቻ አየኝ ብዬ ላካብድ ነበር፣ ግን ብዙ ሰው አይቶታል። ምላሽ የሰጠኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም የሚያዛጋ ስሜት ገላጭ።

ከዚያ ፎቶው መጣ።

መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ከኋላው የክራውድስትራይክ ቢሮ፣ ሁለት ጣቱን ከፍ አድርጎ ፈገግ ብሏል። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ በክራውድስትራይክ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ ትንሽ አፕዴት ለቅቄ ከሰዓት በኋላውን እረፍት ወስጃለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ተባረርኩ፣ ፍትሐዊ አይደለም የሚል መጣ። ሰውዬው የቀልድ ዜና ድረ ገጽ ያለው ቤልጂየማዊ ነው፤ ፎቶው የተቀነባበረ ነው፤ በክራውድስትራይክ በር አልፎ አያውቅም። ይህንን አሁን በእርጋታ እየጻፍኩላችሁ ነው። ያን ዕለት ግን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሽሮዬን በልቼ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ፣ ለሦስት ግሩፕ ፎርዋርድ አድርጌዋለሁ። «በቃ ይሄ ነው!» የሚል አስተያየት ጨምሬ። ዘጠኝ ዓመት በሙያው የሠራሁ ሰው። በመጀመሪያ ቀኑ መጥቶ ለዓለም አፕዴት የሚለቅ ሠራተኛ እንደሌለ፣ ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ እንኳ እንደማይሰጠው እያወቅኩ።

ከሦስቱ ግሩፖች አንዱ የቤተሰብ ነው። ስህተቱ እሱ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ አጎቴ ቡና ላይ ደርሷል። ስሜን ከመጥራቱ በፊት «ልጁን አባረሩት አሉ» አለኝ። የትኛውን ልጅ ብዬ ለአፍታ ግራ ገባኝ። ከዚያ ገባኝ፣ የላክሁት ራሴ ነኝ። ከኔ ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ አጎቴ የዕድር ግሩፕ፣ ከዕድሩ ደግሞ በሌላ በኩል ዞሮ ወደ እሱ ሲመለስ ፎቶው ጽሑፉን ጥሎ ድምፅ ለብሶ ነበር፦ «ሰበር! የዓለምን አየር መንገዶች በአንድ ጣት ያቆመው ወጣት ማን ነው?» ከሥሩ ከበሮ ያለበት ሙዚቃ፣ አንባቢው በየሁለት ቃሉ የሚያቃስት፣ መጨረሻው ላይ ሰብስክራይብ። በሰባት ሰዓት ውስጥ የቤልጂየም ቀልድ የአማርኛ መርዶ ሆኖ ቤቴ ገብቶ ቡና እየጠጣ ነው።

«ጋሼ፣ ቀልድ ነው እኮ» አልኩት።

«የምን ቀልድ? አንተው አይደለህ የላክኸው?»

ለዚህ መልስ የለኝም።

እማዬ ጀበናውን አስቀምጣ ስልኩን ከአጎቴ እጅ ተቀበለችና ፎቶውን አየችው። የልጁን ፈገግታ ለረጅም ጊዜ አየች። «ገና ልጅ ነው» አለች። «እናቱ ይህን ስትሰማ ምን ትሆናለች?» ቀኑ የወሩ ሚካኤል ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ነው የመጣችው፣ ማታም ጧፏን አብርታ ነበር። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ከንፈሯ ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። «የማን ልጅ እንደሆነ ባላውቅም አንተ ታውቀዋለህ» ስትል ሰማሁ። ለሌለ ሰው፣ ለሌለ ጥፋቱ ተጸለየለት።

ስለዚህ ነገር ደጋግሜ አስቤያለሁ። በዚያ ሳምንት ያመነው የኔ ቤት ብቻ አይደለም። ላስ ቬጋስ ያለው ግዙፍ ክብ ስክሪን በሰማያዊ ተውጦ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ ሐሰት ነበር። ሳውዝዌስት አየር መንገድ የተረፈው እስከ ዛሬ የ1990ዎቹን ዊንዶውስ 3.1 ስለሚጠቀም ነው ተባለ፤ እሱም ከአንድ ሰው የትዊተር ፌዝ ተነስቶ ስንቱ ስመ ጥር ድረ ገጽ እንደ ዜና ያወጣው ነው። ይቺኛዋን የኛ ግሩፕ እንዴት እንደተቀበላት መገመት አያዳግትም። ሰው ሰነፍ ሆኖ ወይም ማጣራት አቅቶት ብቻ አይመስለኝም። እኔ ማጣራት ሥራዬ ነው፣ አላጣራሁም፤ ምክንያቱም ፎቶው ስመኘው የኖርኩትን ነገር ነው የሰጠኝ። ዕድሜ ልኬን «ሲስተም የለም» እየተባልኩ አንድ ቀን እንኳ ከጀርባው ሰው ወጥቶ «እኔ ነኝ» ብሎኝ አያውቅም። እዚህ ጋ ግን ሰው ወጣ። መነጽር አለው፣ ጥርስ አለው፣ እረፍት ላይ ነው።

እውነተኛው ማብራሪያ በኋላ ሲወጣ ምን ያህል የማያረካ ነበር! 21 እና 20። ፋይሉን የሚፈትሸው ፕሮግራም ራሱ ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች ተልኮ ቢታይ ይያዝ ነበር፤ ለሁሉም በአንዴ ተለቀቀ። ይህንን ለአጎቴ ሳነብለት በመሃል ተኝቷል። የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ጆርጅ ኩርትዝ በ2010 ማካፊ የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ በአንድ ብልሹ አፕዴት ስፍር ቁጥር የሌለው የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒዩተር ሲጥል እዚያ የቴክኖሎጂ ኃላፊ እንደነበር ስነግረው ግን ነቃ። ይኸው ነው። ሰው ሲገባበት ይነቃል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውማ ለቀልደኛ ሥራ አላስቀረም። ክራውድስትራይክ ለተቸገሩት አጋሮቹ የ10 ዶላር የኡበር የምግብ ማዘዣ ኩፖን ላከ፤ ብዙ ሰው በአንዴ ሲጠቀምበት ኡበር ማጭበርበር መሰለውና ዘጋው። ዴልታ አየር መንገድ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ከሰርኩ ባለበት ሰሞን፣ አሥር ዶላር፣ እሷም አልሠራችም። በኦገስት ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሀከሮች በየዓመቱ በሚሰጡት ሽልማት ክራውድስትራይክ የ«ታላቁ ውድቀት» ተሸላሚ ሲባል፣ የኩባንያው ፕሬዝዳንት ራሱ መድረክ ወጥቶ ዋንጫውን ተቀበለ። ሠራተኞቼ ጠዋት ሲገቡ እንዲያዩት ዋናው መሥሪያ ቤት አስቀምጠዋለሁ አለ። ይህችን ወድጄለታለሁ። እኛ ጋ ሲስተም ለጠፋበት ቀን ዋንጫ ቢሰጥ ማስቀመጫ መደርደሪያ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ለእማዬ እውነቱን የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። ማፈሬ እንዳለ ሆኖ፣ ጸሎቷን ማጣጣል መሰለኝና ስሸሸው ቆይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እያጣጠፈች ሳለ ነገርኳት። ሰውዬው ቀልደኛ ነው፣ ፎቶው ውሸት ነው፣ የተባረረም የለም።

ነጠላውን ማጣጠፏን አላቆመችም። «እና ያን ሁሉ ኮምፒዩተር ያበላሸ ሰው የለም?»

«ሰውማ አለ። ፋይሉን የጻፈ ይኖራል፣ ሳያይ ያሳለፈም ይኖራል። ማን እንደሆኑ አልተነገረም እንጂ።»

«ያ ልጅ ተኝቶ ያድራል ታዲያ?»

«እንጃ፣ እማዬ።»

ነጠላውን ሳጥኑ ላይ አኖረችና በእጇ ደለደለችው። «እንግዲያው ለሱ ይሁንለት» አለች፤ ከዚያ ወደ ማእድ ቤት እየሄደች፣ ስልኳ ሰሞኑን ቻርጅ አልይዝ እያለ አስቸግሯታልና እንዳየው ጠየቀችኝ።